ወጨጫን ለመውጣት የሩጫ ፈተና ለምን?

 

የአካባቢ ጥበቃ ክበብና የስፖርት ክበብ በጋራ ሆነው በጥር ወር ወጨጫ ተራራ ሊወስዱን እንዳሰቡ በሰልፍ ላይ ሰምታችኋል። እኔም እንደ እናንተ ደስ ብሎኛል። እስከ ዛሬ ጉብኝት ሲባል አውቶቡስ ውስጥ እየጨፈርን ሄደን፣ ለስላሳ ጠጥተንና ፎቶ ተነስተን መመለስ ነበር። የአሁኑ ግን ቀኑን ሙሉ በእግር ነው። በአንድ በኩል ወጥተን በሌላ በኩል እንወርድና ዞረን የተነሳንበት ቦታ ላይ እንገጥማለን።

ይህን አምድ የጻፍኩት ባለፈው ስብሰባ ላይ በቀረበ አንድ ሐሳብ ምክንያት ነው። ተማሪው ሁሉ መሄድ ስለማይችል ሜዳው ላይ ሩጫ እንሩጥና ፈጥነው የጨረሱት ብቻ ይመዝገቡ ተባለ። ብዙ ልጆች አጨበጨቡ። እኔ በዚህ ሐሳብ አልስማማም።

መጀመሪያ ስለ ቦታው ትንሽ ልበል። ወጨጫ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በኩል ያለ፣ ድሮ እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ነው። ጫፉ 3,385 ሜትር ይደርሳል። ሥሩ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ጫካ በጣም የቆየ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ታች ጥድ፣ ዝግባና ወይራ አለ፤ ከፍ ሲባል ኮሶ፣ ከዚያም በላይ አስታ ይመጣል። ጉሬዛና ድኩላም አለበት። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ በሥዕል ብቻ የምናየውን ነገር እዚያ ቆመን እናየዋለን ማለት ነው። ታዲያ ይህን ማየት ያለበት ሩጫ የሚችል ልጅ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ደግሞስ ሩጫው ምን ይለካል? ሜዳውን ሁለት ጊዜ መዞር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ተራራው ግን ሰዓታት ይፈልጋል። እኛ ክፍል ውስጥ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ መጨረሻ የምትወጣ ልጅ አለች። ቤቷ ሩቅ ስለሆነ ግን በየቀኑ ጠዋትና ማታ ዳገት ትወጣለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ውኃ ትቀዳለች። እስቲ አንድ ቀን አብራችኋት እስከ ቤቷ ሂዱ። ከሯጮቹ መካከል ስንቶቹ ሳያርፉ እንደሚደርሱ እናያለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንዳንድ ልጆች “የደከመው ይመለሳል፣ ምን ችግር አለው?” ይላሉ። በወጡበት የሚወርዱበት መንገድ ቢሆን እሺ፣ ከየትም ቦታ ዞሮ መመለስ ይቻላል። ዞሮ የሚገጥም መንገድ ግን እንደዚያ አይደለም። ግማሹን ካለፍን በኋላ ወደ ኋላ መመለሱ ወደ ፊት ከመሄዱ ይረዝማል። የደከመው ልጅ ለብቻው የት ይሄዳል? አውቶቡሱ እንደሆነ እዚያ አይመጣም። ስለዚህ እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ፈጣኑ ምን ያህል ይፈጥናል የሚለው ጥያቄ ምንም አይጠቅመንም። አውቶቡሱ የሚነሳው የመጨረሻው ልጅ ሲደርስ ነው፤ ዕቅዱም በእርሱ እርምጃ መሠራት አለበት።

ሒሳቡን እንሥራው። ዊሊያም ኔይስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ሰው በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀላል ስሌት አለ። ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ይያዛል፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ከፍታ ሌላ 1 ሰዓት ይጨመራል። መንገዳችን 12 ኪሎ ሜትር ቢሆንና 900 ሜትር ሽቅብ ብንወጣ፣ ለርቀቱ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ፣ ለዳገቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ባጠቃላይ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ግን ይህ ለጠንካራ ሰው ነው፣ ዕረፍትም የለበትም። እኛ ልጆች ነን፣ ብዙም ነን፣ ጫማው የሚፈታበት አለ፣ ጫካ ገብቶ ሽንት የሚሸና አለ። ስለዚህ ግማሹን ጨምረን 6 ሰዓት እንበል። ለምሳ አንድ ሰዓት ሲጨመር 7 ይሆናል።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ መራመድ ከጀመርን 9 ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ጋ እንደርሳለን። ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ 3 ሰዓት ትርፍ አለን። በጣም ጥሩ ነው። ግን ያለፈውን ጉብኝት አስታውሱ! አውቶቡሱ የቀረ ልጅ ሲጠብቅ፣ ዳቦ ሲገዛ፣ ስም ሲጠራ ስንት ሰዓት ሄደ? እንደዚያው ሆነን 4 ሰዓት ላይ ከጀመርን የምንጨርሰው 11 ሰዓት ነው። ያኔ አንድ ልጅ እግሩ ወለም ቢለው በቃ፣ ጨለማ ያገኘናል። ትልልቅ ዛፎች ሥር ደግሞ ቀድሞ ነው የሚጨልመው። ስለዚህ የፈለገ ይቅር እንጂ አውቶቡሱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት መንቀሳቀስ አለበት። በዚህ ጉዳይ ጨካኝ ነኝ፤ ቀስ ብሎ የሚሄድን ልጅ መጠበቅና የተኛን ልጅ መጠበቅ አንድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የመመለሻ ሰዓት ከመሄዳችን በፊት በወረቀት ይጻፍ። እኔ የማቀርበው 6 ሰዓት ነው። 6 ሰዓት ላይ ጫፍ ካልደረስን በመጣንበት እንመለሳለን፣ ዙሩ ይቀራል። መምህራኖቻችንን ይቅርታ እየጠየቅሁ ልናገር፣ ይህን ሰዓት ቲቸሮችም ቢሆኑ እዚያ ላይ ሆነው እንዳይቀይሩት። ጫፉ ሲታይ ሁሉም ሰው “ትንሽ ነው የቀረው” ይላል። ተራራ ላይ ደግሞ ቅርብ የሚመስል ነገር ሩቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ቀስ የሚሉት ልጆች ከአስጎብኚው ቀጥሎ ከፊት ይሁኑ። ከኋላ ከሆኑ ምን እንደሚፈጠር አስቡት። ከፊት ያሉት ሄደው ያርፋሉ፣ የኋለኞቹ እያለከለኩ ሲደርሱ ያረፉት “እንሂድ” ብለው ይነሳሉ። ዕረፍት የሚያስፈልገው ልጅ ምንም ሳያርፍ ይቀጥላል ማለት ነው። የስፖርት ክበብ ልጆች “እኛ ይሰለቸናል” እንደሚሉ አውቃለሁ። እውነታቸውን ነው፣ ይሰለቻል። ግን ሥራ አለ እኮ! እያንዳንዱ ተማሪ 2 ሊትር ውኃ ያስፈልገዋል። 40 ከሆንን 80 ሊትር ነው፣ ክብደቱም 80 ኪሎ። ጉልበት ያለው የደከመውን ጓደኛውን ውኃ ይያዝለት። ከሁሉም ኋላ የሚሄድና ማንንም ወደ ኋላ የማያስቀር ፊሽካ የያዘ ልጅም ያስፈልጋል። የቀይ መስቀል ክበብ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑንም የሚሸከም ይፈልጋል።

አስም ያለበት ጓደኛችንስ? ይህን ሳልመልስ ማለፍ አልችልም፤ በስብሰባው ላይ ስሙ ተነስቶ ነበርና። ሁሉም ሰው ጫፍ ይድረስ አላልኩም። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ግን ይሂድ አይሂድ የሚለውን ወላጆቹና ሐኪሙ ይወስኑ፣ የእኛ ሩጫ አይወስንም። ጫፍ መውጣት ለማይችሉት ደግሞ ከአንድ መምህር ጋር ታች ጫካው ውስጥ አጭር መንገድ ይዘጋጅ። በአንድ አውቶቡስ ሄደን በአንድ አውቶቡስ እንመለሳለን። ጉሬዛውም ቢሆን ያለው ታች ጫካው ውስጥ ነው፤ ምናልባት እነሱ ከእኛ የበለጠ ያያሉ!

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ሹራብ ግን ያዙ፤ በ1,000 ሜትር ከፍታ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። አዲስ ጫማ ለዚያ ቀን ብላችሁ አታስገዙ፣ እግር ይልጣል፤ የለመዳችሁትን አድርጉ። ቆሎ፣ በሶና ዳቦ ከብስኩት ይሻላል። ፌስታል ይዛችሁ ቆሻሻችሁን መልሱ። ክብሪት የሚባል ነገር ማንም እንዳይዝ፣ ጥር ላይ ሣሩ ደረቅ ነው።

የሚቀጥለው ስብሰባ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የሩጫው ፈተና በድምፅ የሚወሰነው ያን ቀን ስለሆነ፣ የሩጫ ጎበዞች ብቻ ሳይሆኑ “እኔ እንኳ አልችልም” ብላችሁ ስማችሁን ያልጻፋችሁም ኑ። እኔ የመንገዱን ካርታ በትልቅ ወረቀት ላይ ስዬ አመጣለሁ። የሚሠራ የእጅ ሰዓት ያለው ሰው ካለም ለጉዞው እንፈልገዋለን፣ ያናግረኝ።