ጉርብትና በፎቅ ቤት

በአዲስ አበባ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ፥ እንደ ልደታ ያሉትን አሮጌ ሰፈሮች በፎቅ ተክቷል። ወደነዚህ ቤቶች ለጥየቃ የገባ ሰው በጎውን አይክድም፤ ቀድሞ ብዙ ቤተ ሰብ የሚጋራው መፀዳጃ ዛሬ በየቤቱ ነውና።

ነገር ግን በርበሬ የሚሰጣበት፥ ሕፃናት በጎረቤት ዓይን የሚጠበቁበት ደጅ የለም። ለእንጀራ መጋገሪያና ለእርድ የጋራ ቤት ቢሠራም፥ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ከአራተኛ ፎቅ ሊጥ ተሸክሞ መውረድ ለአሮጊት እናት ጭንቅ ነው። ቤቱ በዕጣ ስለሚደርስም የአንድ ዕድር ሰዎች በየአቅጣጫው ተለያይተዋል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ በደረጃው ላይ የአዛውንትን ሸክም ሳይቀበሉ አይለፉ። እናንተም ቡና ስታፈሉ በሩ የተዘጋውን ጎረቤት ጥሩ፤ ሐዘን በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ የሚደርስ እርሱ ነውና።