ዕዳቸውን በአገልግሎት ይክፈሉ
ስለ አእምሮ ጤና ባለሙያዎችና ስለ ወጪ መጋራት ያለን አቋም

የተከበራችሁ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ መራጮች፤

በምርጫ ሰሞን ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃና ስለ ኑሮ ውድነት የማይናገር ፓርቲ የለም። እኛም በሌሎቹ ገጾች ተናግረናል። እዚህ ግን በየቤቱ ያለ፣ በአደባባይ የማይነገር ችግር እናነሳለን። ከጀሞ እስከ ሳሪስ፣ ከለቡ እስከ ሀና ማርያም፣ የአእምሮ ሕመም የገባበት ቤተሰብ ጎረቤት እንዳይሰማ በሩን ዘግቶ ይጨነቃል። ፀበል ይሞክራል፣ ዱዓ ያስደርጋል። ሕክምና የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ አቅሙ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር፣ ከ60 ሚሊዮን በላይ ለሆነው ሕዝብ የነበሩት ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎችም የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች በማስተርስ ደረጃ እየሠለጠኑ ቁጥሩ ጨምሯል። ይሁን እንጂ ባለሙያው በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ተከማችቷል።

ይህ የገጠር ጉዳይ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በወረዳው ሐኪም ያጣ ገበሬ ልጁን ይዞ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሲመጣ የሚያርፈው እናንተ ዘንድ፣ በአንድ ክፍል ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ተራ የሚጠብቀውም ከእናንተ ልጅ ጋር በአንድ ሰልፍ ላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ተጀምሮ ወደ አማራና ወደ አፋር የተዛመተው ጦርነት ደግሞ በስንቱ ቤት የማይታይ ቁስል ትቶ አልፏል።

ታዲያ ባለሙያው ወደ ተፈለገበት ቦታ እንዲሄድ ምን ይደረግ? መልሱ የሚገኘው ቀድሞ በወጣ ሕግ ውስጥ ነው።

እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትምህርት በነፃ ይሰጥ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ፣ ከተመረቀም በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ እንዲከፍል ደነገገ። ተማሪዎች “ኮስት ሼሪንግ” የሚሉት ይህ ነው። በየዩኒቨርሲቲው በተለመደው አሠራርም ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ዋናው ዲግሪ ለባለቤቱ አይሰጥም። ያው ደንብ ግን ለሕዝብ ጥቅም አስፈላጊ ሲሆን መምህርነትን በመሰሉ ሙያዎች የተሰማራ ተመራቂ ድርሻውን በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት እንዲከፍል በር ከፍቷል። ለመምህሩ የተከፈተ በር ለሥነ አእምሮ ነርሷ የሚዘጋበት ምክንያት አይታየንም።

ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ፣ አቅሙ በፈቀደ መጠንም የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲረዳ ግዴታ ጥሎበታል። የጠየቅነው ይህ ግዴታ በተግባር እንዲተረጎም ነው።

በመሆኑም ፓርቲያችን የሚከተለውን ያቀርባል።

አንደኛ፣ በሥነ አእምሮ ሕክምና፣ በሥነ አእምሮ ነርስነት፣ በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ወይም በሶሻል ወርክ የተመረቀ ሰው ባለሙያ በሌለበት ወረዳ ቢያገለግል፣ እያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የዕዳውን አንድ አራተኛ ይከፍልለታል። በአራት ዓመት ዕዳው ያልቃል።

ሁለተኛ፣ ከአራት ዓመት በፊት ለሚለቅ ያገለገለው ይታሰብለታል፤ ቀሪውን እንደማንኛውም ተመራቂ ከደመወዙ ይከፍላል።

ሦስተኛ፣ ዲግሪው የአገልግሎት ውሉን በፈረመ ዕለት ይሰጠዋል።

አራተኛ፣ ባለሙያ የሌለባቸው ወረዳዎች ዝርዝር በየዓመቱ በይፋ ይታተማል። ምደባውም በፓርቲ አባልነት ወይም በዘመድ ሳይሆን ለሁሉም በሚታይ መስፈርት ይሆናል።

አምስተኛ፣ ባለሙያው በሚሄድበት ሁሉ መድኃኒት፣ መኖሪያ ቤትና ከፍ ያለ ሐኪም በስልክ የማማከር ዕድል አብረውት ይሄዳሉ። ጸጥታ በሌለበት ቦታ ማንም በግድ አይመደብም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚሉን አሉ። መንግሥት በዓመታት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ሊሰበስብ ያሰበውን ገንዘብ በአገልግሎት መልክ አሁኑኑ ይረከባል። የሙያው ተመራቂዎች ቁጥርም አነስተኛ በመሆኑ ግምጃ ቤቱ አይናጋም። ሌላውስ ጤና ባለሙያ ለሚሉንም፣ ጥያቄው ተገቢ ነው እንላለን። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በደመወዝና በኑሮ ጥያቄ ነው፤ ለዚያ ጥያቄ የዕዳ ክፍያ ብቻውን መልስ አይሆንም። ጉድለቱ ከከፋበት እንጀምራለን እንጂ በዚያ አናበቃም።

ነገሩ ተሞክሮ የማያውቅ አይደለም። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጓድ የተባለው የመንግሥት ተቋም ባለሙያ ባነሰባቸው አካባቢዎች የሚያገለግሉ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን፣ ሳይኮሎጂስቶችንና ሶሻል ወርከሮችን የትምህርት ብድር ይከፍላል። በእኛም አገር በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር። የእኛ ሐሳብ ከዚያ የሚለየው በፈቃደኝነት ላይ የቆመ በመሆኑ ነው።

ደንብ የሚያወጣውና የሚያሻሽለው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ስለዚህ መንግሥት የመመሥረት አደራ ከሰጣችሁን ማሻሻያውን በመጀመሪያው ዓመት እናወጣለን። የምክር ቤት ወንበር ብቻ ከሰጣችሁን ጉዳዩን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንስተን የሚመለከታቸው ሚኒስትሮች መልስ እንዲሰጡበት እንጠይቃለን። ከዚህ ያለፈ ተስፋ አንሰጥም።

ውድ መራጮች፣ የማንኛውም ፓርቲ ዕጩ በራችሁን ሲያንኳኳ ይህን ገጽ አሳዩትና አቋሙን ጠይቁት። ከዚያ በኋላ ካርዳችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ፍርዱ የእናንተ ነው።