የማሽኖች «አስተርጓሚ» ፕሮግራሞች የተቋማትን ጥንቃቄ ይሻሉ

በኃይል ማመንጫዎች፣ በፋብሪካዎችና በውኃ ማጣሪያ ጣቢያዎች ፓምፖችንና ሞተሮችን የሚያዙት የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያዎች ከመሐንዲሱ ኮምፒዩተር ጋር የሚግባቡት በመካከላቸው ባለ አገናኝ አማካይነት ነው። ይህ አገናኝ ላይብረሪ ተብሎ የሚጠራው፣ ቀድሞ የተዘጋጀ የፕሮግራም ስብስብ ነው። የመሐንዲሱን ትዕዛዝ መቆጣጠሪያው ወደሚረዳው መልእክት ይለውጣል፤ የመቆጣጠሪያውንም ምላሽ ለኮምፒዩተሩ መልሶ ያቀርባል። በዚህም ተግባሩ ከአስተርጓሚ ጋር ይመሳሰላል።

አስተርጓሚው የሚሰጠው ጥቅም የጎላ ነው። ሞዲኮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1979 ይፋ ያደረገው ሞድባስ የተሰኘ የመገናኛ ደንብ ዛሬም በበርካታ አምራቾች መሣሪያዎች ላይ ይሠራል። ሊብሞድባስና ፓይሞድባስን የመሳሰሉ በነፃ የሚገኙ ላይብረሪዎችን የያዘ ባለሙያ በጥቂት የፕሮግራም መስመሮች የቦይለርን ሙቀት ማንበብ ወይም ቫልቭ መክፈት ይችላል። አንድ ተቋም ከአንድ ሻጭ ጥገኝነት የሚላቀቅበትን ዕድልም ያሰፋል። ይሁን እንጂ ባለፉት ዓመታት የደረሱ ሁለት ጥቃቶች ይኸው አገናኝ የአደጋ በር ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል።

ሐሰተኛው አስተርጓሚ

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ በ2010 የተደረሰበት ስተክስኔት የተሰኘው ቫይረስ ነው። ዒላማው በኢራን ናታንዝ የሚገኘው የዩራኒየም ማበልፀጊያ እንደነበር በሰፊው ይታመናል። ቫይረሱ የሲመንስ ኩባንያ ምርት በሆነው ስቴፕ 7 ፕሮግራም ውስጥ ከመቆጣጠሪያው ጋር የሚያገናኘውን ላይብረሪ ስሙን ለውጦ ወደ ጎን በማድረግ የራሱን በቦታው ተክቷል።

ሲማንቴክ የተባለው የኮምፒዩተር ደህንነት ኩባንያ ባካሄደው ምርመራ እንዳረጋገጠው፣ ትክክለኛው ላይብረሪ ከነበሩት 109 ተግባራት ውስጥ ሐሰተኛው 93ቱን ሳይነካ ወደ ትክክለኛው ያስተላልፍ ነበር። ጣልቃ የገባው በ16ቱ ብቻ ሲሆን፣ እነዚህም የመቆጣጠሪያውን ፕሮግራም ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከመዘርዘር ጋር የተያያዙ ናቸው። መሐንዲሱ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ለመፈተሽ ሲጠይቅ ላይብረሪው የተጨመረውን ክፍል ደብቆ ያቀርብለታል። በዚህ መሐል የሞተሮቹን ፍጥነት የሚወስነው ፍሪኩዌንሲ ወደ 1 ሺህ 410 ኸርዝ ከፍ እንዲል፣ በሌላ ጊዜም ወደ 2 ኸርዝ እንዲወርድ ይታዘዝ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የአንድን ማሽን ጤንነት የሚመረምር ሰው የሚያየው ሁሉ በአንድ አስተርጓሚ በኩል የሚመጣ ከሆነ፣ የአስተርጓሚውን ሐሰት የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ጠያቂ ያላገኘው ትዕዛዝ

ሁለተኛው ጥቃት የተፈጸመው እ.ኤ.አ በጥር 2024 በዩክሬኗ ልቪቭ ከተማ ነው። ከዜሮ በታች በወረደ ቅዝቃዜ ከ600 በላይ የመኖሪያ ሕንፃዎች ለሁለት ቀናት ያህል ማሞቂያ ተቋርጦባቸዋል። ድራጎስ የተባለው የደህንነት ኩባንያ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት፣ ከጥቃቱ ጋር የተያያዘው ፍሮስቲጉፕ የተሰኘ ፕሮግራም ከመቆጣጠሪያዎች ጋር የሚነጋገረው በሞድባስ ነው።

በናታንዝ አስተርጓሚው ተለውጧል፤ በልቪቭ ግን የመገናኛ ደንቡ የተሠራበትን ተግባር ብቻ ፈጽሟል። ሞድባስ ሲነደፍ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥበት ሥርዓት ስላልተበጀለት፣ መረቡ ውስጥ የገባ ማንም ሰው የሚሰጠውን ትዕዛዝ መቆጣጠሪያው ይቀበላል። ጥናቱ የማሞቂያ ድርጅቱ የመረብ ክፍሎች በአግባቡ ተለያይተው እንዳልነበሩም አመልክቷል።

ከግዥ በፊት መነሳት ያለባቸው ጥያቄዎች

ችግሩን ላይብረሪዎችን በመከልከል መፍታት አይቻልም፤ ያለ እነርሱ ዘመናዊ ፋብሪካ አይንቀሳቀስምና። መፍትሔው ከግዥ ሰነድ ዝግጅት ይጀምራል። የሚገዛው ሥርዓት የላኪውን ማንነት ያረጋግጣልን? ኦፒሲ ዩኤ የተባለው ደንብ ይህንን አካቶ የተነደፈ ሲሆን፣ ለሞድባስም እ.ኤ.አ በ2018 ምስጢራዊ የመገናኛ ዘዴ ወጥቶለታል። ነባር መሣሪያዎች ግን ይህን ስለማይደግፉ መረባቸውን ከቢሮና ከኢንተርኔት መለየት ግድ ይላል።

መለየት ብቻውንም በቂ አይደለም። ስተክስኔት በፍላሽ ዲስክ ጭምር ይዛመት ነበር፤ ከሁለት ኩባንያዎች የተሰረቁ የዲጂታል ፊርማዎችንም ተጠቅሟል። ስለሆነም በኮምፒዩተሩ መስመር የማያልፍ፣ ራሱን የቻለ የግፊት፣ የሙቀት ወይም የፍጥነት መለኪያ በማሽኑ ላይ እንዲኖርና ንባቡ ከኮምፒዩተሩ ጋር በየጊዜው እንዲመሳከር ማድረግ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለው መለኪያ ከዋናው ሥርዓት ጋር ሲነጻጸር ወጪው አነስተኛ ነው። በጀት ሲጠብ በቅድሚያ የሚሰረዘውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ይሆናል። የግዥና የቴክኒክ ኮሚቴዎች ይህንን መስመር ከሰነዱ ከመሰረዛቸው በፊት ማሽኑ የሚናገረውን በሌላ በምን ሊያረጋግጡ እንደሚችሉ መመለስ ይገባቸዋል።