«አማኑኤል የገባ ሰው ለማን ይሆናል?»

ውድ አዘጋጅ፦

የ27 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። ጎረቤቱ ሁሉ የሚዶልትብኝ ይመስለኝ ነበር። እናቴ እንጦጦ ማርያም ወስዳ ጸበል አስጠመቀችኝ። በኋላም አማኑኤል ሆስፒታል ታከምኩ። ሐኪሙ «ስኪዞፍሬኒያ ነው» አለኝ። ዛሬ መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ግን እንደ ሰው መኖር አልቻልኩም። በአካውንቲንግ ዲፕሎማ አለኝ። ለሥራ ፈተና ብጠራ «እኔን ማን ይቀጥረኛል?» ብዬ ቀረሁ። ስምንት ወር የተዋወቅኳት ልጅ አለች። በጣም እንዋደዳለን። ስለ ሕመሜ አታውቅም። ሰሞኑን ስልኳን ማንሳት ትቻለሁ። መድኃኒቱንም ስውጠው እብድነቴን ስለሚያስታውሰኝ ልተወው አስቤአለሁ። ሳልነግራት ልለያት? እባክዎ ይምከሩኝ።

ግራ የገባኝ፣ ከየካ

ወንድሜ ግራ የገባህ፦

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅቷ «አልፈልግህም» ያለችበት፣ ቀጣሪውም «ሂድ» ያለበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ። በሁለቱም ፈንታ የመለስከው አንተ ነህ! ድምፁ ከጆሮህ ጠፍቶ ሳለ ሌላ ድምፅ ተተክቷል፤ «አልረባም» የሚለው። ይኼኛው ስኪዞፍሬኒያ አይደለም። ከመንደር ተምረን ራሳችን ላይ የምናውለው ፍርድ ነው።

ከየት እንደመጣ ታውቃለህ። ልጆች ሲጣሉ «አማኑኤል ግባ!» ተባብለው ነው የሚሰዳደቡት። አንድ ትልቅ ሆስፒታል ስሙ ስድብ ሆኗል። ያን ስድብ ሰምቶ ያደገ ልጅ አንድ ቀን ራሱ ካርድ ሲያወጣ፣ ሰዳቢ አያስፈልገውም። ራሱን ይሰድባል።

ብቻህን አይደለህም። እዚያው አማኑኤል ሆስፒታል ስኪዞፍሬኒያ ባለባቸው 212 ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። ከሞላ ጎደል ሁሉም ቢያንስ በአንድ ነገር ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እንደሚያዩ ተናግረዋል። ግማሽ የሚጠጉት ደግሞ ስሜቱ ከበድ ያለባቸው ናቸው። ሕክምና ካቋረጡትም ግማሽ ያህሉ ምክንያታቸው መገለል ነው ብለዋል። አየህ? «መድኃኒቱን ልተወው» ያልከው የአንተ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ የኀፍረት ሥራ ነው።

አደራህን፣ መድኃኒቱን በራስህ ፈቃድ እንዳታቋርጥ! ደህና ሆኛለሁ ብሎ ያቆመ ሰው ሕመሙ የሚመለስበት ዕድል ሰፊ ነው። እንቅልፍ ካበዛብህ፣ ካወፈረህ ወይም ካንቀጠቀጠህ ለሐኪምህ ንገረው፤ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ይቀይርልሃል። እናትህ እንጦጦ እንሂድ ካሉህም ሂድ፣ ክኒንህን ግን ኪስህ ይዘህ። በ1999 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትና ጸበል አይጣሉም ወይ የሚል ክርክር በተነሣ ጊዜ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ መድኃኒት መውሰድም ኃጢአት አለመሆኑን ተናግረዋል። ለአንተስ ክኒን ምን ልዩነት አለው?

መዳን ሲባል ደግሞ ሕመሙ ድራሹ እስኪጠፋ መጠበቅ አይደለም። ጉራጌ አገር ሶዶ ወረዳ ውስጥ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ሐኪም ያልሆኑ የሠለጠኑ ሠራተኞች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ሲያግዙ ቆይተዋል። ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ወደ ሥራ፣ ወደ ጎረቤት፣ ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለሱ ነበር ጥረቱ። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ውጤት መሠረት ከአንድ ዓመት በኋላ የዕለት ኑሯቸውን በመምራት መድኃኒት ብቻ ካገኙት የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ሰው የሚድነው ቡና ላይ ሲጠራም፣ ሥራ ሲሰጠውም ነው። አንተ ግን ሲጠሩህ ትቀራለህ!

አሁን ወደ ልጅቷ። ንገራት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በስልክ አይሁን፤ ጸጥ ያለ ቦታ፣ በቀን፣ ሁለታችሁም ባልተቻኮላችሁበት ሰዓት ይሁን። «ከአራት ዓመት በፊት ታምሜ ነበር፤ ስሙ ይኼ ነው፤ እየታከምኩ ነው፤ ደህና ነኝ፤ ሕመሙ ሊመለስ ሲል ምልክቱ እንዲህ ነው» በላት። «እብድ ነኝ» ብለህ ግን አትጀምር። ጥያቄዋን ስማ። ከፈለገች ሐኪምህ ዘንድ አብራችሁ ሂዱ። በዓለም ላይ ከ300 ሰው አንዱ ገደማ ይህ ሕመም እንዳለበት፣ አብዛኞቹም ማንንም እንደማይጎዱ ከሐኪም አፍ ትስማ።

ልትሄድ ትችላለች፤ አልዋሽህም። ያኔ ታዝናለህ፣ ትጽናናለህ። ሳትጠይቃት መጥፋት ግን እሷንም መበደል ነው። ለቀጣሪ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን የሕክምና ታሪክህን የመዘርዘር ግዴታ የለብህም። ለሚቀጥለው ፈተና ብቻ ሂድ።

አንድ ነገር ልጨምር። ድምፁ ከተመለሰ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብህ ነገ አትበል። ለእናትህ ንገር፤ በዚያው ዕለት ወደ አማኑኤል ወይም ወደ የካ ኮተቤ ሆስፒታል ሂድ።

እስከዚያው ስልኳን አንሣላት። መልስዋን ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።