ከመቀባታችን በፊት እንጠይቅ

ባለፈው የዕረፍት ወራት ከትምህርት ቤታችን ክፍሎች ሁሉ አሮጌውን አስቀባሁ። ልጆቹ ሲመለሱ በንጹሕ ክፍል እንዲማሩ ብዬ ነበር። ትምህርት በተጀመረ በሳምንቱ ልጁን ሊያደርስ የመጣ አንድ የቀድሞ ተማሪያችን በበሩ አጠገብ ያለውን ግድግዳ በእጁ ዳሰሰና «ጋሼ፣ ቁመታችንን የምንለካባቸው መስመሮች የት ሄዱ?» አለኝ። ተማሪዎች በየዓመቱ በእርሳስ ያሰመሯቸው መስመሮች፣ ከነስማቸው፣ እዚያ ነበሩ። አሁን ከሁለት እጅ ቀለም በታች ናቸው። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ አሮጌ ቤት ሲታደስ ባየሁ ቁጥር፣ ምን ተጠገነ፣ ምንስ ጠፋ እያልኩ እጠይቃለሁ።

ከአርሂባ ወደ መሐል ከተማ ስንሄድ፣ ብዙዎቻችን ዛሬም ምኒልክ አደባባይ በምንለው ዙሪያ፣ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ተሠርተው በኖራ የተለሰኑ ቤቶች እናያለን። ይህ ድንጋይ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ጨው ያዘለ እርጥበት ይስባል። ኖራ እርጥበቱን ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ፊቱን በሲሚንቶ ስንደፍነው ግን ውሃው መውጫ ያጣል፤ ጨውም ከልስኑ ጀርባ እየጠጠረ ድንጋዩን ይፈረፍረዋል። ቤቱ ከውጭ አዲስ ይመስላል፤ ከውስጥ ይበላል።

የጎንደር ፋሲል ግቢም ይህ ደርሶበታል። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በድንጋይና በኖራ የታነጹት ግንቦች በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በኮንክሪት ተጠግነው ነበር። ኋላ በዩኔስኮ እገዛ በተደረገው ሥራ ሲሚንቶው እየተነሣ በኖራ ተተካ። ለማሳመር የተሠራውን ለማፍረስ ሌላ ድካም ጠየቀ።

«ጣሪያው ለሚያፈስበት ሰው ስንጥቅ ታሪክ አይሆንም» የሚሉኝ ወላጆች አሉ። እውነት አላቸው። ሊወድቅ ባዘነበለ ግድግዳ ሥር ልጅ አይቀመጥም። ጣሪያ ይቀየር፣ መሠረት ይጠንክር፣ አደገኛ ሽቦ ይነቀል። ነገር ግን ቤትን የሚያፈርስ ጉዳት ሌላ ነው፤ የዕድሜ ምልክት ሌላ ነው።

የድሬዳዋን አሮጌ ባቡር ጣቢያ እናስብ። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ 784 ኪሎ ሜትር። የብዙዎቻችን ወላጆችና አያቶች እዚህ የመጡት በዚያ መስመር ነው። ዛሬ ባቡሩ በሌላ አዲስ ሐዲድ ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ጣቢያ የበሰበሰ እንጨት ቢቀየር ደስ ይለኛል። የመንገደኛ እግር የሸረሸረው ደፍ፣ የሠራተኛ እጅ ያለሰለሰው ብረት ግን እንዳይነካ እለምናለሁ። እነሱ ከጠፉ የሚተርፈን ባዶ ቤት ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ብራና ሲቀደድ ይሰፋል፤ ጸሐፊውም ስፌቱን ሳይደብቅ ፊደሉን በዙሪያው ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ያወጡት ቻርተርም፣ የተተካው ክፍል ከነባሩ ጋር እየተስማማ ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ጥገና ራሱን አይደብቅ ማለት ነው።

በመጪው ዓመት ተራው የቀጣዩ ክፍል ነው። በዚያም ግድግዳ ላይ መስመሮች አሉ። ስንጥቁን እንደፍናለን፣ ሌላውን እንቀባለን፤ በበሩ አጠገብ ያለውን ግን ብሩሽ አይነካውም። ቀለም ከመገዛቱ በፊትም የቀድሞ ተማሪዎችን ጠርተን እንጠይቃለን። እናንተም ልጆች፣ ቤታችሁ ሊታደስ ሲል አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ የቱ ምልክት የማን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

እኔ ያጠፋሁት አይመለስም። ያ አባት ግን በማግስቱ እርሳስ ይዞ መጣ፤ ልጁን ከአዲሱ ቀለም ፊት አቁሞ አንድ መስመር አሰመረና ስሟን ጻፈበት። አልከለከልኩትም።