ከኋላ የሚነፍሰው ነፋስ

የሸራ ጀልባ ነፋስን እያቋረጠች የምትታጠፍባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። ነፋሱ ከፊት ሲመጣ በቀጥታ ወደ እርሱ መሄድ ስለማትችል፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እያለች ትወጣለች። በየመታጠፊያው ነፋሱን የምታቋርጠው በፊቷ ነው። ይህ «ታኪንግ» ይባላል። ሸራው ይርገበገባል፣ ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ሰው ይደክማል፤ ግን አደጋው ትንሽ ነው።

ነፋሱ ከኋላ ሲሆን የምታቋርጠው በኋላዋ ነው፤ ይህ «ጃይቢንግ» ነው። ከነፋሱ ጋር ስለምትሄድ ነፋሱ የቀለለ ይመስላል። ሆኖም መሪውን የያዘው ሰው ጥቂት ቢዘናጋ፣ ነፋሱ በሸራው በሌላኛው ጎን ይገባና ሸራውን ከነአግዳሚው በኃይል ወደ ማዶ ይወረውረዋል። በዚህ ራሳቸውን ተመትተው የሞቱ አሉ።

በእኔ እምነት እኛ አማኞች ይበልጥ የምንዘጋጀው ከፊት ለሚመጣው ነፋስ ነው። ስለ መከራ እንሰብካለን፤ ፈተና ሲመጣ እንጾማለን። በደርግ ዘመን የጸሎት ቤቶች ሲዘጉ አማኞች በየቤቱ እየተሰበሰቡ ጸንተዋል። ሥራ ሲሳካና አዳራሽ ሲሞላ ግን አመስግነን እንተኛለን።

ዳዊትን እንመልከት። ሳኦል ሲያሳድደው የልብሱን ጫፍ በመቁረጡ እንኳ ልቡ ተመታ (1ኛ ሳሙኤል 24)። ዙፋኑ ከጸና በኋላ ግን ሠራዊቱን ወደ ጦርነት ልኮ እርሱ በኢየሩሳሌም ቀረ፤ በአንድ ምሽትም ወደቀ (2ኛ ሳሙኤል 11)።

ታዲያ መልካም ጊዜ ኃጢአት ነው? አይደለም፤ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ልምድ ያለው ቀዛፊ ከኋላ ነፋስ አይሸሽም። ከመታጠፉ በፊት ገመዱን ስቦ ሸራውን ወደ መሃል ይሰበስባል፤ አብረውት ያሉትን ጮክ ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ሁሉም ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከዚያ ገመዱን ቀስ ብሎ ይለቃል።

እኛም ሹመት ሲመጣ፣ ገንዘብ ሲበረክት፣ አገልግሎት ሲሰፋ እንዲሁ እናድርግ። ሒሳባችንን ሌላ ሰው ይመርምረው። ውሳኔያችንን አስቀድመን ሊገሥጹን ለሚችሉ እንንገር። በጌታም ፊት ዝቅ እንበል።

ወገኖቼ፣ ሥራ ላጣው ወንድማችን እንደምንጸልይ፣ ሥራው ለሠመረለትም እንጸልይለት፤ ምናልባት ይበልጥ የሚያስፈልገው እርሱ ነው። ጌታ በሁለቱም ነፋስ ይጠብቀን። አሜን።