የመናፈሻው ድንጋይ ላይ የማን ስም ይጻፍ?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ቡና ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት የከተማችን ምክር ቤት ጉባኤ ላይ በተጋባዥነት ተገኝቼ ነበር። ከመምህራን ሁለት ሰው ይላክ ሲባል ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። አጀንዳው ብዙ ነበር፤ የውኃ ጉዳይ፣ የባጃጅ ታሪፍ፣ የገበያው ቦታ... ረጅሙን ሰዓት የበላው ግን የመናፈሻው ነገር ነው። እድሳቱ ሊያልቅ ነው። እንግዲህ ገንዘብ የሰጡ ሰዎችና ድርጅቶች ስማቸው በዕብነ በረድ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? ይጻፍ ከተባለስ የት? በምን ያህል መጠን? ለስንት ዓመት?

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳቄ መጥቶ ነበር። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ታፔላ! እየቆየሁ ስሰማ ግን ሳቄ ጠፋ። ክርክሩ ስለ ታፔላ አልነበረም። «የጋራ የሚባለው ነገር የማን ነው?» የሚል ነው። እኔ ደግሞ ሲቪክስ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ኖሬአለሁ።

የቀረበው ረቂቅ እንዲህ ይላል። 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሰጠ «ፕላቲኒየም» ይባላል፤ ስሙ ዋናው በር ላይ በትልቁ ይጻፋል። 500 ሺህ የሰጠ «ወርቅ»፤ ፏፏቴው ወይም ትልቁ ጎጆ በስሙ ይሰየማል። 100 ሺህ የሰጠ «ብር»፤ አንድ ወንበር ላይ ስሙ ይለጠፋል። ከዚያ በታች የሰጠ የምስጋና ምስክር ወረቀት ይወስዳል። አለቀ።

ለባለሀብቶቹ ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። የዛሬ ሦስት ዓመት ያ ቦታ ምን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። አጥሩ ፈርሶ፣ ቆሻሻ መጣያ ሆኖ፣ ከመሸ በኋላ ሰው የማያልፍበት ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ በጀት የለውም። መጸዳጃ ቤቱን ያሠራው አንድ ነጋዴ ነው። የውኃ ፓምፑን የገዛው ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ዛሬ የምንከራከርበት መናፈሻ አይኖርም ነበር። «ሰጥቶ ስሜ ይጻፍ ማለት ውዳሴ ከንቱ ነው» ብለው የተናገሩ አንድ የምክር ቤት አባል ነበሩ፤ በዚህ አልስማማም። ሰው ላደረገው በጎ ነገር መታወስ ቢፈልግ ኃጢአት አይደለም። ሌላ ሰውም አይቶ ይነሣሣል። ምስጋና የማያውቅ ከተማ ነገ የሚሰጠው አያገኝም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ሦስት ነገር ልበል።

የመጀመሪያው፦ ዝርዝሩ የሚቆጥረው ብር ብቻ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ትዝ ይላችኋል? አገሩ ሁሉ ችግኝ ለመትከል የወጣበት ቀን። እኛም የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዘን እዚያው መናፈሻ ውስጥ ጽድ፣ ወይራና ግራቪሊያ ተከልን። ፎቶ ተነሣን፣ ተበተንን። የዚያን ቀን የተተከለው ሁሉ አልጸደቀም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የጸደቀው የትኛው እንደሆነ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በጥር ፀሐይ፣ ውኃ የጠጣው ነው። ያጠጡት ደግሞ የመናፈሻው ዘበኛ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰውና ከትምህርት በኋላ በጀሪካን ውኃ ይመላለሱ የነበሩ ስምንት ወይም ዘጠኝ ተማሪዎች ናቸው። ማንም አላዘዛቸውም። ዛሬ እነዚያ ዛፎች ከእኔ ቁመት በእጥፍ ይበልጣሉ። ዕብነ በረዱ የሚተከለው በእነሱ ጥላ ሥር ነው። የጋሼ ስም ግን በየትኛውም እርከን የለም። ፕላቲኒየምም አይደሉ፣ ወርቅም አይደሉ፣ ብርም አይደሉ።

በነገራችን ላይ ከእኛ ከመምህራንም ለመናፈሻው ተብሎ ከደመወዝ ተቆርጧል። «በፈቃደኝነት» ነው የተባለው፤ ፈቃደኛ መሆናችንን ያወቅነው ግን ፔሮል ላይ ስንፈርም ነው። ይሁን፣ ለከተማችን ነው። የመቶ ምናምን መምህር ተደምሮ ግን ከአንድ «ብር» ወንበር በላይ ይሆናል። አንድ ላይ ስለሰጠን ነው መሰል ማንም አልቆጠረውም።

እንደ ሕዝብ ከሆነ ይህን ዓይነት መስጠት እናውቅበታለን። የዓባይ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ ስንት ሰው ነው የሰጠው? የወር ደመወዙን የሰጠ የመንግሥት ሠራተኛ አለ። ቦንድ የገዛ ሊስትሮ አለ። በ8100 መልእክት የላከ ተማሪ አለ። የዚያ ሁሉ ሰው ስም ግንቡ ላይ ይጻፍ ቢባል ግንቡም አይበቃ። ግን ማንኛችንም «የእኔ ነው» ለማለት ታፔላ አላስፈለገንም።

ሁለተኛው፦ ስም ሳይታወቅ ባለቤትነት ይሆናል።

ይህን ከራሴ ገጠመኝ ልንገራችሁ። ከወር በፊት ለፈተና የሚያጠኑ አራት ተማሪዎቼን ፍለጋ ወደ መናፈሻው ሄድኩ። ቤታቸው ጠባብ ነው፤ ጎጆው ውስጥ ነው የሚያጠኑት። ስደርስ ከጎጆው ተባረው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ምን ሆናችሁ ስላቸው፣ አዲስ የተቀጠረው ጥበቃ «ይሄ የድርጅቱ ነው፤ እንግዳ ይመጣል፤ ተነሡ» ብሏቸዋል። ጎጆው ላይ ገንዘብ የሰጠው ድርጅት ባነር ተሰቅሎ ነበርና ጥበቃው በቅንነት የድርጅቱ መስሎት ነው። ድርጅቱም አባሩልኝ አላለም። ባነሩ ብቻውን ነው ያባረራቸው። ገና ዕብነ በረድ ሳይሆን ጨርቅ እያለ እንዲህ ከሆነ፣ ድንጋይ ሲሆንስ?

አንደኛዋ ተማሪ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ቲቸር፣ እርስዎ የሕዝብ ነው ብለው አስተምረውን አልነበር?» መልስ አልነበረኝም። ጥበቃውን አነጋግሬ አስገባኋቸው፤ ግን ጥያቄዋ እስካሁን አብሮኝ ነው።

ሦስተኛው፦ «ለዘላለም» የሚባል ቃል በቀላሉ አይሸጥም።

ረቂቁ ላይ የጊዜ ገደብ የለም። አንዴ የተጻፈ ለዘላለም ነው። አገራችን ግን ስምን በተመለከተ ብዙ አስተምራናለች። መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ተብሎ፣ ተመልሶ መስቀል አደባባይ ሆኗል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር ነው። ንጉሡ በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ስድስት ኪሎ ያለው ግቢ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው በስማቸው ተሰየመ፤ መንግሥት ሲለወጥ ስሙ ተነሣ። ግን ግቢውን ማን ሰጠ ብትሉት እዚያ የተማረ ሰው ይነግራችኋል። ስሙ ከበሩ ወረደ፣ ታሪኩ ግን ከሰው አፍ አልወረደም። ቤተ መንግሥቱን የሰጠ ሰው ስም እንዲህ ከሆነ፣ የመቶ ሺህ ብር ወንበር ለዘላለም ብሎ መፈረም ምን ይባላል?

ይህ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽ አለ። አቬሪ ፊሸር የተባሉ ሰው እንደ አውሮፓውያኑ በ1973 ዓ.ም. 10.5 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተው በስማቸው ተሰየመ። ከአርባ ዓመት በኋላ አዳራሹን ለማደስ አዲስ ለጋሽ ሲፈለግ የድሮው ስም አላስነካ አለ። በመጨረሻ ለፊሸር ቤተሰብ ስሙን እንዲለቁ 15 ሚሊዮን ዶላር ተከፈላቸው። ከዚያ ዴቪድ ጌፈን 100 ሚሊዮን ሰጥተው አዳራሹ በእሳቸው ስም ተጠራ። አስቡት እንግዲህ፤ ስም ለማንሣት ብቻ ከስጦታው የበለጠ ገንዘብ ወጣ። እነሱ አላቸው፣ ከፈሉ። የእኛ ማዘጋጃ ቤት ነገ ከየት አምጥቶ ይከፍላል?

ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ሥዕሎቹ ሥር ያሠሩት ሰዎች ስም ተጽፎ እናያለን። የድሮ የብራና መጻሕፍትም ላይ ያጻፈው ሰው ስም፣ አንዳንዴም የጸሐፊው ስም አብሮ አለ። በጉባኤው አንድ ባለሀብት ይህንን ጠቅሰው «ባህላችን ነው» ብለዋል። ልክ ናቸው። ግን ያ ጽሑፍ ምን እንደሚል አስተውላችኋል? አንባቢውን በጸሎት አስቡኝ ነው የሚለው። እየለመነ ነው። በዚያ ላይ ገንዘብ ያወጣውም በእጁ የጻፈውም አንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ። እንግዲህ ባህላችን ይህ ከሆነ ባህላችንን እንከተል!

አሁን ይህን ሁሉ ያስጻፈኝን ነገር ልንገራችሁ።

ከጉባኤው ስመለስ ስለ ስብሰባው እዚሁ ገጼ ላይ ሁለት መስመር ጽፌ ነበር። ማታ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ከ10ኛ ክፍል አቋርጣ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ ናት፤ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። «ቲቸር፣ 5 ሺህ ብር ብልክ የእናቴን ስም አንድ ወንበር ላይ ይጽፉልኛል?» አለችኝ። እናቷን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ መናፈሻው በር ላይ ቆሎና ሻይ ይሸጡ የነበሩት ናቸው። ልጆቻቸውን በዚያች ጀበና ነው ያሳደጉት። ሲያርፉ ልጅቷ መምጣት አልቻለችም። መቃብራቸውን እንኳ አላየችም።

በረቂቁ መሠረት መልሱ «95 ሺህ ብር ይጎድልሻል» ነው። ሁለት ቀን መልስ ሳልሰጣት ቆየሁ። እስከዚያ ድረስ እኔ «ጭራሽ የማንም ስም አይጻፍ» ባይ ነበርኩ። ለዚህች ልጅ ግን ያንንም ማለት አልቻልኩም። ስም መጻፍ ሁልጊዜ ጉራ እንዳልሆነ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንዳንዱ ሰው ቆሞ የሚያለቅስበት ቦታ ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። ለቋሚ ኮሚቴውም በጽሑፍ አስገብቻለሁ።

1ኛ. በሩ ላይ፣ ፏፏቴው ላይ፣ ጎጆው ላይ የማንም ስም አይጻፍ። መናፈሻው የከተማው ስም ብቻ ይኑረው።

2ኛ. ከውስጥ በኩል አንድ ግድግዳ ይሠራ። የሁሉም ስም እኩል በሆነ ፊደል፣ በሀ ሁ ቅደም ተከተል ይጻፍ። የገንዘብ መጠን አይጠቀስ፣ የድርጅት ዓርማ አይለጠፍ። ገንዘብ የሰጠም፣ ጉልበት የሰጠም፣ ውኃ የተሸከመም እዚያው ይግባ። ጋሼ በሀ ሁ ቅደም ተከተል ከአንድ ባለ ሆቴል ቀድመው ቢመጡ ሰማይ አይወድቅም።

3ኛ. ወንበር ላይ የሚጻፈው የሙታን መታሰቢያ ብቻ ይሁን፣ ትንሽ ሆኖ። ዋጋው አንድ ሰው ብቻ የሚችለው አይሁን፤ እድር ወይም ቤተሰብ ተሰባስቦ የሚችለው ይሁን።

4ኛ. የድርጅት ስም 10 ዓመት ይቆይ። ከዚያ በኋላ መቆየት የሚፈልግ ዛፎቹን በማስጠጣት፣ መጸዳጃውን በማስጠገን ያድሰው። የዕብነ በረድ ወጪ የአንድ ቀን ነው፤ የውኃ ወጪ ግን የየወሩ ነው። መናፈሻን የሚገድለው የመመረቂያ ገንዘብ ማጣት አይደለም፤ ከምረቃው በኋላ ባለው ዓመት የሚያጠጣው ማጣት ነው።

5ኛ. ይህ ሁሉ በደንብ ይጻፍ፤ በሰው ፊት በቃል ተነግሮ አይቅር። «ማንም ሰው በየትኛውም ወንበር የመቀመጥ መብት አለው» የሚል አንቀጽም ይግባበት። ለጥበቃዎቹም ይነበብላቸው።

ሀብታሞቻችን ይህን አይተው ቢቀየሙ አዝናለሁ። አብዛኞቹ ግን የሚቀየሙ አይመስለኝም። የውኃ ፓምፑን የገዛውን ሰው መንገድ ላይ አግኝቼ ስጠይቀው «እኔማ ልጆቼ እንዲጫወቱበት ነው፤ ስሙን እነሱ ናቸው ያመጡት» አለኝ። አንዳንዴ ሰጪው ያልጠየቀውን የምናሸክመው እኛው ነን።

ጉዳዩ በሚቀጥለው ጉባኤ ይወሰናል። የምክር ቤት አባላትን የምታውቁ ሁሉ ስልክ ደውሉላቸው፤ የመረጣችኋቸው እናንተ ናችሁ። ያኔ ችግኝ የተከላችሁ፣ ጀሪካን የተሸከማችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ እዚህ ሥር ስማችሁን ጻፉልኝ። ዝርዝሩን ለኮሚቴው ይዤ እሄዳለሁ። እናንተ ዝም ካላችሁ ማን እንደተሸከመ የሚያውቀው ጋሼ ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አርጅተዋል።

ለዚያች ልጅ ትናንት መልስ ሰጠኋት። «ብሩን አትላኪ፣ ያዥው። የእናትሽን ስም ግን እኔ አስገብቻለሁ» አልኳት። ይጸድቅ አይጸድቅ እናያለን።

የማትስማሙም ካላችሁ ሐሳባችሁን ጻፉ፤ ስድብ ብቻ ይቅርብን። መልካም ሰንበት!